ያልሞተው ሸማኔ

ቢልቂስ አብዱልአሊም ሰው መናቅ አይከብዳትም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የግል መድኃኒት ቤት ስምንት ዓመት ፋርማሲስት ሆና ስትሠራ፣ ጽሕፈታቸውን እያየች ሐኪሞቹን ናቀች፤ ሦስት ቀን ውጦ «ተሻለኝ» እያለ መድኃኒቱን የሚያቆመውን በሽተኛ ናቀች፤ ወሬያቸው ከቦታ ዋጋ አልፎ የማያውቀውን የአባቷን እንግዶችም ሻይ እያቀረበች በልቧ ናቀች። አባቷ ሐጂ አብዱልአሊም ይጁቤ ላይ በጨርቅ ንግድ ከብረው ማርቆስ የገቡ ሰው ናቸው። እሷ የማትንቀው ነገር ቢኖር አራት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ የጻፈችውን ልቦለድ ብቻ ነበር። ስሙን «ሁለት ክንድ አቡጄዲ» ብላዋለች። የአንዲት የነጋዴ ልጅና የአንድ ሸማኔ የፍቅር ታሪክ ነው።

ታሪኩን ከየት እንዳመጣችው የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ዑበይዱላህ።

ዑበይዱላህ ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለው። የሰርግ ጥሪ ወረቀት ያትማል፣ የእድር ማኅተም ይቀርጻል። የተዋወቁት ከአምስት ዓመት በፊት የመድኃኒት ቤቱን ከረጢት ልታሳትም ሄዳ ነው። ጽሑፉን ሰጥታው ልትወጣ ስትል ጠራትና፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ «መድኃኒት የሚጻፈው በብዙኃኑ ኀ ነው፤ በሃሌታው አላትምልዎትም» አላት። ቢልቂስ ሰው ካሳፈራት ብዙ ዘመን ሆኗት ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ተመልሳ ሄደች። የሄደችው ለከረጢቱ እንዳልነበረ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ችግሩ የዑበይዱላህ አባት ጉንደ ወይን ውስጥ ሸማኔ መሆናቸው ነው። በዚያ አገር ነጋዴውና ሸማኔው መስጊድ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሰግዳሉ፤ የጋብቻ ነገር ሲነሣ ግን ነጋዴው ትከሻው ከማን ትከሻ እንደሚበልጥ ትዝ ይለዋል። ሐጂ አብዱልአሊም ወሬው ጆሯቸው ሲደርስ አልጮሁም። «ከሸማኔ ጨርቅ እገዛለሁ እንጂ ለሸማኔ ልጅ አልሰጥም» አሉና ዳግመኛ አላነሡትም። የዘጉት መስሏቸው ነበር።

ቢልቂስ መጽሐፉን ስትጨርስ ከፊቷ ሦስት መንገድ ተዘረጋ፤ ሦስቱንም ናቀቻቸው።

የመጀመሪያው አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ አሳታሚ ነው። ረቂቁን ከላከችለት ከሰባት ወር በኋላ «ለአቶ ቢልቂስ» የሚል የአራት መስመር ደብዳቤ መጣላት። ሥራው ጥሩ እንደሆነ፣ ተራው ምናልባት ከሁለት ዓመት በኋላ እንደሚደርስ፣ መጨረሻው ግን አንባቢ የሚያስለቅስ እንዲሆን እንደገና መጻፍ እንዳለበት ይናገራል። የመጽሐፉ መብት አሁን ባለውም ወደፊት በሚፈጠረውም መልክ ሁሉ የድርጅቱ ይሆናል። ለዑበይዱላህ በስልክ ስታነብለት «አቶ ቢልቂስ» ላይ ስትደርስ ሳቀችና፣ ሳቋ መሀል ላይ ተቋረጠባት። ሰባት ወር ጠብቃ ነበር።

ሁለተኛው «ወንፈል አሳታሚ» የሚባለው ነው። ባለቤቱ እንዳላማው የሚባል፣ ሰው ባየ ቁጥር ኮቱን የሚቆልፍ ሰው ነው። የእሱ አካሄድ ወጪውን ከደራሲው ጋር መካፈል ነው፤ ግማሹን ደራሲው፣ ግማሹን ድርጅቱ፤ አርትዖቱንና ሥርጭቱን ድርጅቱ ይሠራል። «አብረን እናርሳለን፣ አብረን እናጭዳለን» ይላል። እጁ ግን እርፍ ጨብጦ አያውቅም።

ሦስተኛውን ያመጣው ዑበይዱላህ ነበር። ራስሽ አሳትሚው አላት። ቢልቂስ በዚህኛው ይበልጥ ሳቀች። በራሱ ወጪ መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው በገዛ ሰርጉ ራሱ አጨብጫቢ፣ ራሱ ዘፋኝ የሆነ ሙሽራ ነው አለችው። እሱም፣ ዘፈኑ ጥሩ ከሆነ ሰው ይሰበሰባል ብሎ ረቂቁን እንድታስነብበው ለመናት። እስከዚያ ቀን አንድም ገጽ አላሳየችውም ነበር። ሰጠችው። ስለ ፍቅራቸው የተጻፈውን ሲያነብ ዐይኑ እንዴት እንደሚሆን እያሰበች ሦስት ሳምንት በደስታ ጠበቀች።

መልሱ በደብዳቤ መጣ።

«ቢልቂስ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጅቷ ሕይወት አላት፤ ስትቆጣ ያንቺን ድምፅ እሰማለሁ። ሸማኔው ግን ሰው አይደለም። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንገቱን ደፍቶ ያመሰግናል። አንድ ቀን እንኳ አይቆጣም፣ አይዋሽም፣ በማንም ላይ አይስቅም። አዘንሽለት እንጂ አላየሽውም። እኔንም የምታዪኝ እንዲህ ከሆነ ሳንጋባ ባውቀው ይሻለኛል። ይህን የጻፈው መጽሐፉን የወደደ ሰው መሆኑን ግን አትርሺ።»

የመጨረሻውን መስመር አላነበበችውም። ደብዳቤውን ጨብጣ መናኸሪያው ጀርባ ስትደርስ ዑበይዱላህ የሰርግ ጥሪ ወረቀት ጠርዝ እየቆረጠ ነበር።

«የእድር ማኅተም የሚቀርጽ ሰው ልቦለድ ሊያስተምረኝ ነው?» አለችው፤ ሰላም እንኳ ሳትለው።

አላስተማርኩሽም፣ ያነበብኩትን ነው የነገርኩሽ አላት። እሷ አራት ዓመት እንደደከመች፣ እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከሁለት መስመር በላይ የሆነ ነገር አትሞ እንደማያውቅ ነገረችው። እሱ ጠርዙን መቁረጡን ቀጠለ። ይህ ይበልጥ አነደዳት።

«አባቴ ጉንደ ወይን ናቸው» አለ በመጨረሻ። «የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንሂድና ልያቸው አላልሽም። መጽሐፍ ግን ጻፍሽባቸው።»

እውነት ነበር። እውነት ስለሆነም አፏ ላይ የመጣላትን ቃል አንሥታ ወረወረች።

«ከሸማኔ ልጅ ምን ይጠበቃል» አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ድምፁ የሷ አልመሰላትም። አነጋገሩ የአባቷ ነበር፤ ከንፈር ላይ ያለችው ትንሽ ጥምዘዛ ሳትቀር። ዑበይዱላህ የያዘውን ወረቀት አስቀመጠ። ጠርዙን በመዳፉ አስተካከለ፤ አንዱ ከአንዱ እስኪገጥም ድረስ ቀስ ብሎ አስተካከለው።

«ከሐጂ ስጠብቃት የነበረች ቃል ናት» አላት። «ካንቺ አልጠበቅኳትም።»

ረቂቁን ከመደርደሪያው አውርዶ፣ በሲባጎ አስሮ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ለእንግዳ እንደሚሰጥ ሰው ሰጣት። ቢልቂስ እስከ ዋናው አስፋልት አንገቷን ቀጥ አድርጋ ሄደች። ከዚያ በኋላ አንገቷን ቀጥ ለማድረግ የሚያስፈልገው ጉልበት ከየት እንደሚመጣ አላወቀችም።

በዚያው ሳምንት የመጽሐፉን ነገር አባቷ ራሳቸው አነሡላት። ወንፈል አሳታሚ የሚጠይቀውን ግማሽ ወጪ እሸፍናለሁ አሉ። የልጃቸው ስም የታተመበት መጽሐፍ በእንግዶቻቸው ፊት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ታይቷቸው ነበር። በምላሹ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ የዚያ የማተሚያ ቤት ልጅ ስም በቤታቸው ዳግመኛ እንዳይነሣ። ቢልቂስ እሺ አለች። ስሙ በሌላ ሰው አፍ እንኳ ሲጠራ የምትፈራበት ጊዜ ስለነበር እሺ ማለቱ አልከበዳትም።

እንዳላማው ውል ሊያስፈርም ከአዲስ አበባ መጣ። አንድ ሆቴል ምሳ ጋበዛቸው፤ ሒሳቡን የከፈሉት ሐጂ ናቸው። ኮቱን ቆልፎ ተቀመጠና ስለ ሥነ ጽሑፍ ትንሣኤ፣ ስለ ጎጃም አፈር፣ ደራሲና አሳታሚ እንደ ባልና ሚስት ስለመሆናቸው አወራ። ቢልቂስ በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ሥራዋ ነውና እሱ ሲያወራ ውሉን አነበበች። ሥርጭቱ «እንደ አመቺነቱ» ይላል። ሳይሸጥ የቀረውን መጽሐፍ መልሳ የምትገዛው ደራሲዋ ናት። ሰውየው አጭዶ ገለባውን ለሷ ሊተውላት ነው። ለካ እሱን ለመናቅ ኮቱን ማየት በቂ ነበር፤ ያም ሆኖ እስክሪብቶውን አነሣች። ስትፈርም የዑበይዱላህ ነገር የሚያልቅላት መስሏት ነበር፤ እንዲያልቅላት ፈለገች።

«ለእርስዎ ልንገርዎት ሐጂ» አለ እንዳላማው ወደ አባቷ ዞሮ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ስንት ረቂቅ አንብቤያለሁ። ያ ሸማኔ ሲሞት ግን እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።»

ቢልቂስ ቀና አለች።

«ማን ገደለው?» አለችው።

እንዳላማው ለአንዲት አፍታ ዐይኑን አርገበገበ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሐዘን፣ «ማኅበረሰቡ ነው የገደለው» አለ።

«አላህ ይዘንለት» አሉ ሐጂ አብዱልአሊም፣ ከልማድ።

በመጽሐፉ ውስጥ የሚሞት ሰው የለም። ሸማኔው እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ በሕይወት አለ። ይህ ሰው አንብቤ አለቀስኩ ያለው ያላነበበውን ነው፤ አዲስ አበባ ያሉትም ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አላወቋትም፤ አባቷም ላልሞተ ሸማኔ ምሕረት ለመኑ። መጽሐፏን ያነበበ፣ ሦስት ጊዜ ያነበበ፣ ሰው ሆኖ ያዘነበት በምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ምን ብላ እንደሰደበችው ትዝ ሲላት የያዘችው እስክሪብቶ ከበዳት። መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«በመጽሐፌ ውስጥ ማንም አይሞትም» አለች። «አልፈርምም።»

ወደ ቤት ሲመለሱ አባቷ መኪናውን እየነዱ ምክንያቱ የሸማኔው ልጅ እንደሆነ ጠየቋት። መጽሐፌን የሚያነብልኝ እሱ ብቻ ነው አለቻቸው። ማንበብ ብቻውን ትዳር ይሆናል ወይ አሉ።

«አይሆንም አባባ። እሱንም ሰድቤ አባርሬዋለሁ» አለች። «የሰደብኩበትን ቃል የተማርኩት ከእርስዎ ነው።»

ሐጂ አልተቆጧትም። መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቢልቂስ አባቷን ከጎን ስታያቸው ያረጁ መሰሏት፤ ልትንቃቸው ፈለገች፤ አልሆነላትም።

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍራ ጉንደ ወይን ወረደች። የዑበይዱላህን አባት፣ የሸማኔውን የአብዱልቃኒን ቤት ጠይቃ አገኘችው። ሽማግሌው እግራቸውን ከሸማ ዕቃው ሥር ካለው ጉድጓድ ከትተው፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፉ ይሠሩ ነበር። ስሟን ስትነግራቸው አልተነሡም። አንገታቸውንም አልደፉም፤ የሚያዩት ክሩን ነበር።

«የአብዱልአሊም ልጅ ነሽ» አሉ። ሐጂ አላሉም። «አባትሽ ጨርቅ ይለካል እንጂ ጨርቅ አያውቅም።»

አባቷን እንዲህ በስማቸው ብቻ የሚጠራ ሰው ሰምታ አታውቅም። ለመቀመጥ ጉቶ ፈለገች፤ ያቀረበላትም የለም፤ ራሷ ስባ ተቀመጠች። አብዱልቃኒ እየሠሩ፣ ይጁቤ ገበያ ለአባቷ ሃያ ዓመት ጋቢ እንደሸጡ አወሩላት። አንድ ጊዜ በፋብሪካ ክር ሠርተው የእጅ ፈትል ነው ብለው እንዳቀረቡለት፣ አብዱልአሊምም በጣቱ አሻሽቶ «ይህ ነው የድሮ ሰው ፈትል» ብሎ መርቆ እንደወሰደው ነገሯት። ይህን ሲሉ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቁ፤ መወርወሪያው ግን አልቆመም። ቢልቂስ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። እዚህ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ቤተሰቧን ሲንቅ ኖሯል፤ እሷ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ እያዘነችለት ስትጽፈው ነበር።

መወርወሪያውን ያቆሙት ልትሄድ ስትነሣ ነው።

«ልጄን የሰደብሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«እሱ ተቆጥቷል። እኔ አልተቆጣሁም» አሉ አብዱልቃኒ። «ሸማኔነቱ የእኔ ነው፤ አላፍርበትም። ንቀቱ ያንቺ ነው። የራስሽን ይዘሽ ሂጂ።»

የራሷን ይዛ ሄደች። በሚኒባሱ መስኮት በኩል የጤፉ ማሳ ሲያልፍ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ አለቀሰች። ሰው እንዳያያት አልነበረም፤ ማን ቢያያት ግድ አልነበራትም።

ያን ክረምት ሸማኔውን እንደ አዲስ ጻፈችው። የድሮውን ሸማኔ ገጽ በገጽ ስታወጣው አላዘነችለትም። አዲሱ ይቆጣል፣ ይዋሻል፤ ልጅቷን ገና ሲያያት «ይቺ ደግሞ ልትለካኝ መጣች» ብሎ በሆዱ ይስቅባታል። ልጅቷ እንዲወዳት መድከም ነበረባት። ጳጉሜን ላይ ጨርሳ ረቂቁን ለዑበይዱላህ ላከችው፤ ከላዩ ይህን አድርጋ፦

«ዑበይድ፣ ሦስት የይቅርታ ደብዳቤ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኳቸው። ሦስቱም ያማሩ ነበሩ፤ ያማረ ነገር ደግሞ ከሰው ፊት ለመቆም አያበቃም። አባትህ ዘንድ ሄጄ ነበር። ንቀውኛል፤ ተገቢ ነው። ሸማኔውን እንደገና ጻፍኩት። አንብበው። አሁንም ሰው ካልሆነ መልስ አትጻፍልኝ።»

መስከረም ገባ፤ መልስ የለም። መስቀል አለፈ፤ መልስ የለም። ቢልቂስ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት የሚቀርበውን ወረቀት ሁሉ የእሱ ጽሕፈት እየመሰላት ትደነግጥ ጀመር፤ ከዚያ በራሷ ታፍራለች።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወረፋው መሀል አየችው። ከአንዲት ሕፃን ካዘለች ሴትና ከአንድ ሽማግሌ ኋላ ቆሟል። ሊያልፋቸው አልሞከረም። ሽማግሌው ስለ ክኒናቸው አራት ጊዜ ደጋግመው ጠየቁ፤ ቢልቂስ አራቱንም ጊዜ መለሰችላቸው፤ ምን እንደመለሰች ግን አታውቅም። ተራው ሲደርስ ዑበይዱላህ ረቂቁን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ሲባጎው የእሱ አስተሳሰር ነበር።

«ገጽ መቶ አርባ ላይ ሳቅሁ» አላት። «ብቻዬን፣ በዚያ ሁሉ ወረቀት መሀል። ያ ሸማኔሽ አባትሽን ሲንቀው።»

«እኔንም ንቆኛል» አለች።

«አይቻለሁ።»

ቀና ብላ አየችው። ጠቁሯል፤ ከስቷል። ይቅርታ ልትለው አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«ያቺን ቃል አልረሳኋትም» አለ ዑበይዱላህ፣ የልቧን እንደሰማ። «ረሳሁ ብል እዋሽሻለሁ። ግን አንድ ክረምት ሙሉ ቁጭ ብለሽ ስትነቅያት ገጽ በገጽ አየሁሽ። እኔን እንዲህ አድርጎ ያየኝ ሰው የለም፤ አባቴም ቢሆኑ።»

እጁ መስኮቱ ላይ ነበር። ቢልቂስ እጇን አጠገቡ አሳረፈች፤ በመሀላቸው የአንዲት ጣት ስፋት ያህል ቦታ ቀረ። ከኋላው የቆሙት ሰዎች አላጉረመረሙም። ወይም አጉረምርመው ይሆናል፤ ሁለቱም አልሰሙም።

መጽሐፉን ራሷ አሳተመችው። ከዚህ በኋላ ያላነበባት ሰው መጨረሻዋን እንዲያሳምርላት፣ ወይም ገለባዋን እንዲያስረክባት አልፈለገችም። ዑበይዱላህ በእሱ ማሽን ጥራዙ እንደሚበተን በግልጽ ነግሯት፣ አዲስ አበባ አንድ ጥሩ ማተሚያ ቤት አብረው ሄዱ። ከደመወዟ ያጠራቀመችው ለአምስት መቶ ቅጂ በቃ። እርማቱን ሦስት ጊዜ ያነበበው እሱ ነው፤ በሃሌታውና በብዙኃኑ ሲከራከሩ ሁለት ጊዜ ተኳርፈው ታረቁ። ጥር ላይ መጽሐፉ ወጣ። ቁይና ጉንደ ወይን ባሉ ሱቆች፣ ከሳሙናና ከደብተር ጎን ተሸጠ። ሰው ገዛው፤ አንዳንዱ መንገድ ላይ አስቁሞ ተጣላት፤ ልጅቷ ለምን ያንን ጉረኛ ሸማኔ እንደታገሠች ሊጠይቅ።

የዑበይዱላህ ሽማግሎች ሁለት ጊዜ ወደ ሐጂ አብዱልአሊም ቤት ተላኩ። ሁለቱንም ጊዜ ሻይ ጠጥተው፣ ስለ ዝናቡ አውርተው፣ መልስ ሳያገኙ ወጡ። ሐጂ ስለ መጽሐፉም አንድ ቃል አልተነፈሱም። በእንግዶቻቸው ፊት ጠረጴዛ ላይም አላስቀመጡትም።

የካቲት ላይ ቢልቂስ ለአባቷ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ልታደርስ ወደ ሱቃቸው ገባች። ከጣቃው ጀርባ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸው ላይ ያለው ምን እንደሆነ ስታይ ደጃፉ ላይ ቆመች። ከመጽሐፉ ከግማሽ በላይ አልፈዋል። ግንባራቸው ተቋጥሯል፤ ከሰው ጋር የሚጣሉ ይመስላሉ። ልትመለስ ስትል ሳያዩዋት ተናገሩ።

«ይህ ሸማኔ ጥጋበኛ ነው።»

«አዎ አባባ።»

ሐጂ ጣታቸውን በምላሳቸው አርሰው ገጹን ገለጡ። ጥቂት መስመር አነበቡ። አንድ ጊዜ ምላሳቸውን መቱ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ የሳቅ የመሰለ ነገር አመለጣቸውና በሳል ሸፈኑት።

«ልጁም እንዲህ ነው?» አሉ፤ ዐይናቸውን ከመጽሐፉ ሳይነቅሉ።

ቢልቂስ መድኃኒቱን ይዛ እዚያው ቆማለች። አባቷ ዑበይዱላህ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሲጠይቁ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«እሱስ ይብሳል» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረባት፤ እንዲሰበርም ተወችው።